ለክረምት እረፍት በቤት የሚሠሩ አራት ነገሮች፦ በደሴ እርጥበትና በኮምቦልቻ ሙቀት እንዳይበላሹባችሁ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ቤት ይውላሉ። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናቡ እንደልብ አያስወጣም። ብዙ ወላጅ ስልኩ ላይ አንድ የአሠራር ቪዲዮ ያይና ከልጆቹ ጋር ይሞክራል። ዳቦ ቆሎው ጥርስ የሚሰብር ይሆናል። በረዶው አይረጋም። የወረቀት ሳህኑ ሻግቶ ይጣላል። ከዚያ «እኔ እጄ አይሆንለትም» ተብሎ ይተዋል።

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የአየሩ ነው። ቪዲዮው «ፀሐይ ላይ አድርቁት» ይላል። ሐምሌ ላይ ደሴ ውስጥ ያ ፀሐይ የለም። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ድረስ ይገባል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ደግሞ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢራራቁም ሙቀታቸው በ4 ዲግሪ ያህል ይለያያል። ስለዚህ አንዱ ከተማ የሠራው ሌላው ጋ ላይሠራ ይችላል። ከዚህ በታች ያሉትን አራቱን (ዳቦ ቆሎ፣ የሎሚ በረዶ፣ የካልሲ ኳስና የወረቀት ሳህን) ስትሠሩ የምትኖሩበትን ከተማ የሚመለከተውን ማስታወሻ አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. አንድ መለኪያ ብርጭቆ ምረጡ። የተለመደው የውሃ ብርጭቆ ይበቃል። ዱቄቱንም ውሃውንም ዘይቱንም በዚያው ለኩ። ዱቄቱን በትልቅ ኩባያ፣ ውሃውን በትንሽ ብርጭቆ የለካ ሰው ሊጡ ለምን እንደደረቀበት አይገባውም።

2. ሥራውን በጠዋት ጀምሩ። ክረምት ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ይበረታል። የሚደርቅ ነገር ካላችሁ የጠዋቱን ሰዓት አታባክኑ።

3. ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። ዳቦ ቆሎና የወረቀት ሳህን አብረው ይሄዳሉ፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ምድጃው የሚያወጣው ሙቀት ሳህኑን ያደርቃል። በረዶውና ኳሱ ሌላ ቀን ይሁኑ።

4. የእሳቱን ቦታ አስቀድማችሁ ወስኑ። ይህኛው ላይ ጠበቅ ልበል። ደሴ ሲበርድ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ የተለመደ ነው። አታድርጉት። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ይገድላል። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉ። ስትሠሩም በረንዳ ላይ ወይም በሩ ወለል ብሎ በተከፈተበት ቦታ ይሁን። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ካለ ሁሉንም ሰው ቶሎ ወደ ውጭ አውጡ። ካልተሻለው ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። በረደን ብላችሁ ከሰሉን ይዛችሁ መኝታ ክፍል አትግቡ።

5. ለልጆቹ ሥራ አከፋፍሉ። ከ7 ዓመት በታች ያሉት ያድቦልብሉ፣ ወረቀት ይቅደዱ፣ ይቁጠሩ። መቀስና መርፌ ለትልልቆቹ ነው፤ ያውም አጠገባቸው ሆናችሁ። እሳት የአዋቂ ሥራ ነው።

አንደኛ፦ ዳቦ ቆሎ

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

የሚያስፈልገው
4 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ የብርጭቆ ሲሶ ዘይት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 ብርጭቆ ገደማ ለብ ያለ ውሃ። ቃና የምትወዱ ከሆነ 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩና ስኳሩን ወደ 1 ማንኪያ ቀንሱ። ሁለቱንም በብዛት ማድረግ አይመከርም፤ ስኳርም በርበሬም ቶሎ ያራል።

አሠራሩ

1. ዱቄቱን ንፉ። ክረምት ላይ ዱቄት እርጥበት ይስብና ይጓጉላል። ጓጓላው ሳይነፋ ከገባ ሊጡ ውስጥ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ጨውና በርበሬውን ከዱቄቱ ጋር አቀላቅሉ። ስኳሩን ግን ለብ ባለው ውሃ አሟሙት። ደረቅ ስኳር ሊጡ ላይ ከቀረ ምጣዱ ላይ ይቀልጥና ያራል።

2. ዘይቱን ከውሃው በፊት ጨምሩ። በሁለት እጃችሁ መዳፍ መካከል ዱቄቱን እያሻችሁ ዘይቱን አዳርሱት። 5 ደቂቃ ያህል አሹት። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና ዘይቱን ከውሃው ጋር ደባልቆ ያፈሰዋል። ዘይቱ ዱቄቱን ቀድሞ ካልያዘው ሊጡ እንደ ዳቦ ይሳሳባል፤ ሲቆላም ይጠነክራል።
መፈተኛው ይኸውላችሁ፦ አንድ እፍኝ ጨብጡ። ተጣብቆ ከቆየና በጣት ሲነካ ከፈረሰ በቂ ነው። ጨርሶ ካልተጣበቀ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ።

3. ውሃውን ጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። መጀመሪያ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ በማንኪያ። ደሴ ላይ ዱቄቱ ራሱ እርጥበት ስለያዘ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ላያስፈልግ ይችላል። የምትፈልጉት ጠንከር ያለ ሊጥ ነው፤ እጅ ላይ መጣበቅ የለበትም። ለስልሶ የሚለጠጥ ከሆነ ውሃው በዝቷል።

4. ብዙ አታቡኩት። ተሰብስቦ አንድ ሲሆን አቁሙ። የእንጀራም የዳቦም ሊጥ አይደለም።

5. ሸፍናችሁ 30 ደቂቃ አሳርፉት። ንጹህ ፌስታል ወይም በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይሁን። ኮምቦልቻ ላይ ሳይሸፈን ከቀረ ላዩ ወዲያው ይደርቅና ሲድቦለቦል ይሰነጣጠቃል። ካላሳረፋችሁት ደግሞ ያድቦለቦላችሁት ገመድ ተመልሶ ያጥራል።

6. አድቦልብሉ። ሊጡን በ6 ከፋፍሉት። አንዱን ስትሠሩ ሌላውን ሸፍኑት። የልጅ እርሳስ ያህል ውፍረት እስኪኖረው አድቦልቡሉት። ከዚያ በመቀስ ወይም በቢላ ቆራርጡት፤ እያንዳንዱ ከሽንብራ ፍሬ ብዙም አይብለጥ። ልጆች ትልቅ መቁረጥ ይወዳሉ። ትልቁ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ትልልቆቹንና ትንንሾቹን ለዩና ለየብቻ ቁሉ።

7. ዱቄቱን አራግፉ። እንዳይጣበቅ የነሰነሳችሁት ዱቄት ምጣዱ ላይ ካረ ሙሉውን ይመርራል። በወንፊት ነቅንቃችሁ አራግፉት።

8. ቁሉ። ብረት ምጣዱ ይሙቅ፤ ግን አይጭስ። አንድ ረድፍ ብቻ ዘርግፉ። አንዱ በሌላው ላይ ከተከመረ ይታፈንና ይለሰልሳል። የመጀመሪያውን 2 ደቂቃ ላዩ ደረቅ እስኪል በቀስታ ብቻ አንቀሳቅሱት። ከዚያ በማማሰያ ሳታቋርጡ አምሱት። እሳቱ ዝቅ ያለ ይሁን። ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ይፈጃል። የሚቸኩል ሰው እሳቱን ከፍ ያደርግና ሁሉንም ያጣል።

9. ፈትኑት። አንድ ፍሬ አውጡና 2 ደቂቃ አቀዝቅዙት። ትኩሱን አትፍረዱበት፤ ትኩስ ዳቦ ቆሎ ሁልጊዜ ለስለስ ይላል። ሲቀዘቅዝ ስበሩት። መሃሉ ላይ ሊጥ የሚመስል እርጥብ ነጥብ ካለ ገና ነው።

10. ሰፌድ ወይም ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙ። ሙቀቱ ሳይወጣ ከታሸገ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ያልባል፤ ተመልሶ ያርሰዋል። ደሴ ላይ ደግሞ እንደቀዘቀዘ ወዲያው አሽጉት። ሰፌድ ላይ ያደረ ዳቦ ቆሎ ጠዋት ላስቲክ ይሆናል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ምረጡ።

ሲበላሽ

ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ከሆነ፦ ከእሳቱ አውርዱ። የጠቆሩትን ልቀሙ። ምጣዱን አቀዝቅዛችሁ በጣም ዝቅ ባለ እሳት ሌላ 15 ደቂቃ ቁሉት።

ከቀዘቀዘ በኋላ ጥርስ የማያስነክስ ከሆነ፦ ዘይት አንሶታል ወይም ብዙ ቦክቷል። ይሄ አይመለስም። ሻይ ውስጥ እየነከራችሁ ብሉት እንጂ ለትንንሽ ልጆች እንዲሁ አትስጡ። ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በደንብ የተሠራውም ቢሆን ሊያንቃቸው ስለሚችል ይቅር።

በማግስቱ ከለሰለሰ፦ ይሄ ቀላል ነው። ዝቅ ባለ እሳት ከ5 እስከ 8 ደቂቃ መልሳችሁ ቁሉት፤ አቀዝቅዛችሁ አሽጉት።

ሊጡ ሲድቦለቦል እየተቆራረጠ ካስቸገረ፦ እጃችሁን በውሃ አርሱና ሊጡን ደጋግማችሁ እጠፉት። ውሃ አታፍሱበት።

በዘይት መጥበስ ይቻላል ወይ የሚል አይጠፋም። ይቻላል። ልጆች እየተሯሯጡ ባሉበት ቤት ግን የፈላ ዘይት አልመክርም።

ሁለተኛ፦ የሎሚ በረዶ

ይህ ይበልጥ የኮምቦልቻ ነው። እዚያ ዝናቡ ባቆመ ማግስት ፀሐዩ ይከራል፤ ልጅ ሁሉ ቀዝቃዛ ነገር ይላል። ደሴ ላይ ብርዱ ለበዛበት ቀን አይሆንም፤ ፀሐይ ብቅ ያለ ቀን ጠብቁ።

የሚያስፈልገው
3 ብርጭቆ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ የግማሽ ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ፣ 7 ያልተከመረ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያዎች፣ ንጹህ የእንጨት ስንጥር ወይም የሻይ ማንኪያ።

1. ውሃውን አፍሉት። በረዶ መሆን ጀርም አይገድልም። ክረምት ላይ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ሊደፈርስ ይችላል። ከደፈረሰ መጀመሪያ አጥሉትና በንጹህ ጨርቅ አጣሩት፤ ከዚያ እየተንተከተከ 3 ደቂቃ ይቆይ። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ገደማ ስለሚፈላ ልክ መፍላት ሲጀምር አታውርዱት።

2. ስኳሩን ውሃው ገና ሞቅ እንዳለ አሟሙት። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ የተጨመረ ስኳር ታች ይቀመጣል። ያኔ በረዶው ላዩ ጣዕም የለሽ፣ ታቹ የማይረጋ ይሆናል።

3. ሎሚውን ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላ ጨምሩ። ፍሬውን ልቀሙት፤ ከቀረ ይመርራል።

4. ቅመሱ። ለመጠጥ ከምትወዱት ትንሽ ጣፈጥ ይበል። ብርድ የምላስን ጣዕም ያደበዝዛል፤ አሁን ልክ የሆነው ሲረጋ ውሃ ውሃ ይላል።

5. ኩባያውን አትሙሉት። ከላይ አንድ ጣት ያህል ተዉ። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። የመስታወት ብርጭቆ አትጠቀሙ፤ ይሰነጠቃል፤ ስባሪውም በረዶው ውስጥ አይታይም።

6. ፍሪዘሩ ውስጥ ቀጥ ባለ ቦታ አስቀምጡ። ጥሬ ሥጋ ካለ ከበረዶው በላይ አይሁን። ኩባያዎቹን ሸፍኑ፤ የሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ ይስባሉ።

7. ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ስንጥሩን ትከሉ። መጀመሪያ ላይ ከተከላችሁት ይወድቃል። ከረፈደ ደግሞ አይገባም። ላዩ ሲቆረፍድ ነው ጊዜው።

8. ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቢቻል አዳሩን ተዉት። በየ20 ደቂቃው በሩን እየከፈታችሁ አትዩ። ልጆቹን ማሳመን የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ ማታ ሠርቶ ማሳደር ይሻላል።

9. ለማውጣት የኩባያውን ታች ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 15 ሰከንድ ያህል ንከሩ። ስንጥሩን ከመሳብ በፊት ኩባያውን በቀስታ አዙሩ። በፈላ ውሃ አትሞክሩ፤ ስንጥሩ ብቻውን ተነቅሎ ይመጣል።

ሲበላሽ

አዳሩን ቆይቶ ጭቃ ጭቃ ካለ፦ ስኳሩ በዝቷል። ስኳር ውሃን ቶሎ እንዳይረጋ ያደርገዋል። አቅልጡትና 1 ብርጭቆ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምራችሁ እንደገና አስቀምጡ። ጥርስ የማያስነክስ ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ 2 ማንኪያ ስኳር ጨምሩ።

መብራት ከሄደ፦ ፍሪዘሩን አትክፈቱ። ተዘግቶ ከቆየ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል። መብራቱ ሲመጣ ሎሚው ገና ቀዝቃዛ ከሆነና በረዶ ከቀረበት መልሶ ማርጋት ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ከሞቀ ድፉት። ወተት የገባበት ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት።

ማንጎ ካገኛችሁ ከ2 ብርጭቆ የተፈጨ ማንጎ ጋር 1 ብርጭቆ ውሃ፣ 2 ማንኪያ ስኳርና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ በቂ ነው። ማንጎ ራሱ ስኳር አለውና ከዚህ በላይ አትጨምሩበት። ፍሪጅ የሌላችሁ የሎሚውን ውሃ ንጹህ እንስራ ውስጥ አድርጋችሁ ነፋስ የሚያገኝ ጥላ ቦታ አስቀምጡ። እንስራው በላቡ ያቀዘቅዘዋል። በረዶ አይሆንም፤ ጥም ግን ይቆርጣል። በዚያው ቀን ይጠጣ።

ሦስተኛ፦ የካልሲ ኳስ

ኳስ መግዛት ለማይመቸው ቤት ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ሲጫወቱ መስኮት አይሰብርም፤ ኮሪደር ላይ አይነጥርም። ለዝናብ ቀን ከፕላስቲክ ኳስ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

የሚያስፈልገው
አንድ ረጅም አሮጌ ካልሲ (ጉልበት የሚደርስ ቢሆን ጥሩ)፣ ሁለት እፍኝ ደረቅ አሮጌ ጨርቅ፣ ሲባጎ፣ አንድ ፌስታል፣ ወፍራም መርፌና ክር።

1. ጨርቁ ጨርሶ ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ። እርጥበት ከያዘ ውስጡ ይሻግታል፤ ሽታው ካልሲውን አልፎ ይወጣል። ደሴ ላይ ልብስ ሁለት ቀን ተሰጥቶም ላይደርቅ ስለሚችል በጉንጫችሁ ነክታችሁ ፈትኑት። ቀዝቀዝ ካለ አልደረቀም።

2. ጨርቁን በሁለት ጣት ስፋት ቅደዱት። ሙሉ ጨርቅ ጠቅልሎ መክተት ነው ኳሱን ሞላላ የሚያደርገው።

3. አንዱን ቁራጭ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። ሌላውን በላዩ ስትጠቀልሉ አቅጣጫ ቀይሩ፤ አንዴ በቁም፣ አንዴ በአግድም፣ አንዴ በሰያፍ። በየ4 ቁራጩ መሬት ላይ አንከባሉት። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ በቀጫጫው በኩል ጨምሩ። ድንጋይ፣ ቆርኪ ወይም ቁልፍ ውስጡ አይግባ። እግርም ይሰብራል፣ ፊትም ይመታል።

4. የሁለት መዳፍ ሙሉ ሲሆን በሲባጎ አስሩት። ሲባጎው በየአቅጣጫው ይዙር፤ ቢያንስ 8 ጊዜ። ብዙ የካልሲ ኳስ በሁለተኛው ቀን የሚፈታው ውስጡ ስላልታሰረ ነው።

5. በፌስታሉ አንድ ዙር ሸፍኑት። ይህ ውሃ ቶሎ እንዳይገባበት ነው። ፌስታሉን አስቀድማችሁ በሦስት አራት ቦታ ብሱት፤ የታፈነ አየር ካለ ይነፋና ያንሸራትታል። ትንሽ ልጅ ፌስታሉን ፊቱ ላይ እንዳያደርግ ተጠንቀቁ።

6. ካልሲው ጫፍ ድረስ አስገቡት። ካልሲውን ኳሱ ሥር አጥብቃችሁ አዙሩት፤ ከዚያ የቀረውን ገልብጣችሁ መልሳችሁ አልብሱት። እንደገና አዙሩ፣ እንደገና አልብሱ። ካልሲው እስኪያልቅ ቀጥሉ።

7. ጫፉን ስፉት። ቋጠሮ ብቻ አይበቃም፤ ሲረገጥ ይፈታል፤ እግር ላይም ያማል። ክሩን እጥፍ አድርጋችሁ በመስቀል ስፉ።

ኳሱ በጣም ከከበደ ጨርቁ በዝቷል፤ ሲሶውን አውጡና እንደገና እሰሩ። ከራሰ ደግሞ ስፌቱን ፍቱና ካልሲውን ብቻ እጠቡት፤ እንዳለ ውሃ ውስጥ አትንከሩት። ውጭ ሲጫወቱ ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ይግባ። ቦርከና ወንዝ ዳርና የጎርፍ መውረጃ ቦይ አጠገብ ክረምት ላይ ኳስ አይጫወት። ኳሱን ጎርፍ ከወሰደው ይሂድ። ይህን ለልጆቹ ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፤ የካልሲ ኳስ በአንድ ሰዓት ሌላ ይሠራል።

አራተኛ፦ የወረቀት ሳህን

ለእርሳስ፣ ለቁልፍ፣ ለፀጉር ማስያዣ የሚሆን ነው። የታሸገ ከረሜላ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ምግብ በቀጥታ አይደረግበትም።

የሚያስፈልገው
አሮጌ ጋዜጣ ወይም ያለቀ ደብተር፣ ግማሽ ብርጭቆ ዱቄት፣ 2 ብርጭቆ ተኩል ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለቅርጽ የሚሆን ጎድጓዳ ሳህን፣ ቫዝሊን።

1. ሙጫውን ሥሩ። ዱቄቱን በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፤ ጓጓላ አይኑረው። ሁለቱን ብርጭቆ አፍሉና ብጥብጡን እያማሰላችሁ ጨምሩ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ እንደ አጥሚት እስኪወፍር አብስሉት። ጨዉን ጨምሩና አቀዝቅዙት። ጨው ሻጋታን ያዘገያል። ያልበሰለ የዱቄት ብጥብጥ ይዞ መጀመር ነው ደሴ ላይ ሳህኑን የሚያሻግተው። የተረፈውን ሙጫ አታሳድሩ።

2. ወረቀቱን በእጅ ቅደዱ። በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ቆሞ ይቀራል፤ የተቀደደው ግን ይተኛል። ሁለት ጣት ስፋት ይበቃል።

3. የጎድጓዳውን ሳህን ጀርባ በቫዝሊን ቀቡት። ይህን ከረሳችሁ ሳህኑ አይላቀቅም።

4. ወረቀቱን ሙጫ ውስጥ ንከሩ፤ በሁለት ጣት ጨምቁት። ሙጫ የሚንጠባጠብበትን አታድርጉ። አንዱ የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ ይለጠፍ። ሁለት ድርብ ብቻ ለጥፉና አቁሙ።

5. አድርቁ። አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። አምስትና ስድስት ድርብ በአንዴ ይለጥፋሉ፤ ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ይሻግታል።
ደሴ ከሆናችሁ እንጀራ የምትጋግሩበትን ቀን ምረጡ። ጋግራችሁ እሳቱን ካጠፋችሁ በኋላ ሳህኑን ከምጣዱ አጠገብ፣ አንድ ክንድ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ምጣዱ ላይ አታስቀምጡ፤ እሳቱ ሳይጠፋም አታቅርቡ። በየሰዓቱ አዙሩት። በማግስቱም ደግሙ።
ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ነፋስ ያለበት ጥላ ይሻላል። የቀጥታ ፀሐይ ጠርዙን ቀድሞ ያደርቅና ያጣምመዋል።

6. ሲደርቅ ሁለት ድርብ ጨምሩ። አድርቁና የመጨረሻዎቹን ሁለት ድርብ ጨምራችሁ እንደገና አድርቁ። በጠቅላላው 6 ድርብ ጠንካራ ሳህን ያወጣል። ደሴ ላይ አምስት ቀን ሊወስድ ይችላል፤ አትቸኩሉ።

7. ጠርዙን በቢላ ጀርባ ቀስ ብላችሁ አላቁና አውጡት። የውስጡ ግድግዳ ገና እርጥብ ይሆናል። ገልብጣችሁ አንድ ቀን ጨምሩለት። ከዚያ ጠርዙን በመቀስ አስተካክሉ።

8. ቀለም ቀቡ። ውሃ የበዛበት ቀለም ወረቀቱን መልሶ ያርሰዋል፤ ብሩሹን ጨመቅ አድርጉት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሠራችሁት ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ይሳሉበት፤ ልጆቹ ለጎረቤት ከሚሰጡት ሥዕል ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሲበላሽ

ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጥብ ካወጣ፦ ሻጋታ ነው። ፍቆ መቀባት አይሠራም። በተለይ አስም ያለበት ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ሳትፍቁ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። ያረፈበትን ሳህን በሳሙና እጠቡና ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ድርቡ ከተላቀቀ፦ ሥሩ አዲስ ሙጫ ቀቡና በጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙት፤ ከዚያ በልብስ መቆንጠጫ አሳድሩት።

ከቅርጹ አልላቀቅ ካለ፦ በኃይል አትሳቡ። ጎድጓዳው ሳህን የብረት ወይም የፕላስቲክ ከሆነ ውስጡ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩና 1 ደቂቃ ጠብቁ፤ ቫዝሊኑ ይለሰልሳል። የሸክላ ወይም የመስታወት ከሆነ ቢላውን ዙሪያውን አዙሩና ጠርዙን በትንሹ እየነቀነቃችሁ አላቁት። እንቢ ካለ በአንድ በኩል በመቀስ ሰንጥቃችሁ አውጡ፤ ስንጥቁን በሁለት የወረቀት ድርብ መልሳችሁ ለጥፉ፤ ሲደርቅ አይታይም።